ጥርስ፣ መንጋጋ፣ ክራንቻ፦ ስማቸው ከየት መጣ? የትኛውስ የትኛው ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ለዚህ እትም ጥርስን የሚመለከቱትን ሰብስበናል። ገሚሶቹ ስለ ቃሉ አመጣጥ፣ ገሚሶቹ ስለ ሕመሙ የሚጠይቁ ናቸው። አንድ ላይ ያስቀመጥናቸው በምክንያት ነው። በዐማርኛ አንዱ ቃል ብዙ ጥርሶችን ስለሚሸከም የስሙ መደባለቅ ክሊኒክ ድረስ ተከትሎ ይገባል።

ጥያቄ፦ የዐማርኛ መምህር ነኝ። ጥርስ በግእዝ ‹ስን› እንደሚባል ሳስተምር፣ «ታዲያ የእኛ ‹ጥርስ› ከየት መጣ? ከኦሮምኛው ‹ኢልካን› ይሆን?» ብለው ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። ምን ልመልስላቸው?
መምህር፣ ከጅማ ጊንጆ

መልስ፦ በግእዝ ሁለት ቃላት ነበሩ። ‹ስን› የማንኛውም ጥርስ መጠሪያ ነው፤ ሲበዛ ‹ስነን› ወይም ‹አስናን› ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 «ብካይ ወሐቅየ ስነን» የሚለው፣ በዐማርኛው «ልቅሶና ጥርስ ማፋጨት» የተባለው፣ ይኸው ቃል ነው። ከጎኑ ደግሞ ‹ፅርስ› የሚል ነበረ፤ ብዙው ‹አፅራስ›። ይኼኛው የሚጠራው ከኋላ ያለውንና እህል የሚፈጨውን የመንጋጋ ጥርስ ነው። የእኛ ‹ጥርስ› የወጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

‹ፅ› እንዴት ‹ጥ› እንደሆነ ለማስረዳት ጅማ ላይ የሚቀለው መንገድ በዐረብኛ መጀመር ይመስለናል፤ ከተማሪዎችዎ ብዙዎቹ ቁርኣን የቀሩ ይሆናሉና። በዐረብኛ የመንጋጋ ጥርስ ‹ድርስ› ይባላል፤ የሚጻፈውም በወፍራሙ ‹ዷድ› ነው። ይህ የዐረብኛ ድምፅ በግእዝ የሚገጥመው ከፀሐዩ ‹ፀ› ጋር ነው። የረፋዱ የሶላት ሰዓት ‹ዱሓ› ይባላል፤ የግእዙ ‹ፀሐይ› የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የዐማርኛ አንደበት ደግሞ ፀሐዩን ‹ፀ›ም ሆነ ጸሎቱን ‹ጸ› ወደ ‹ጠ› ይስባል። ጸሎት ጠሎት፣ ጾም ጦም፣ ጻፈ ጣፈ ይባላል፤ ፀሐይ በገጠሩ አፍ ጣይ ናት። እንግዲህ ሁለቱን ሰልፎች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸው፦ ዱሓ፣ ፀሐይ፣ ጣይ፤ ድርስ፣ ፅርስ፣ ጥርስ። ተማሪው መንገዱን በዓይኑ ያየዋል።

ከድምፁ ጋር ትርጉሙም ሰፋ። ዐማርኛ ‹ስን›ን ተወና የመንጋጋውን ስም ለፊቱም፣ ለክራንቻውም፣ ለኋላውም ሰጠ። የሥጋ ዘመዶቹ ቋንቋዎች ይህን አላደረጉም። ትግርኛ ዛሬም ‹ስኒ› ይላል፤ ሐረሪ ‹ሲን›፣ ጉራግኛ ‹ስን›። ከባሕር ማዶ ያሉትም፣ ዐረብኛው ‹ሲን›፣ ዕብራይስጡ ‹ሼን›፣ ጥንታዊው አካድኛ ‹ሺኑ› እያሉ አንዱን ሥር ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ በሂርማታ መርካቶ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ለልጁ «ስን» ሲል ብትሰሙ፣ አሮጌውን የጋራ ቃል የጠበቀው እሱ ነው፤ አዲሱን መንገድ የመረጠው ዐማርኛ ነው።

ይህ ምርጫ አንድ ክፍተት ትቷል። የመንጋጋው ስም የሁሉ ስም ሲሆን የመንጋጋው ጥርስ ራሱ ያለ ስም ቀረ። ስለዚህ ‹የመንጋጋ ጥርስ› ብለን ሁለት ቃል እናወጣለን፤ ሲያጥር ደግሞ ‹መንጋጋ› ብቻ እንላለን። ይህ ማሳጠር የሚያመጣውን ጣጣ ከታች በሌላ ጥያቄ እናየዋለን።

‹ኢልካን›ን በተመለከተ፣ ከ‹ጥርስ›ም ከ‹ስን›ም ጋር ዝምድና የለውም። እሱ የኩሽ ቋንቋዎች ቃል ነው። የሶማልኛው ‹ኢሊግ› (ሲበዛ ‹ኢልኮ›) እና የሲዳምኛው ‹ሂንኮ› ወንድሞቹ ናቸው። የሚመሳሰሉት በአጠቃቀም ነው። በዐማርኛ ‹የዝሆን ጥርስ› የምንለው በኦሮምኛ ‹ኢልካን አርባ› ነው፤ አርባ ዝሆን ነውና። እዚህ ላይ ቃል ከቃል አልተዋሰም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ጥሬ ማንጎ ወይም ሎሚ ስበላ ጥርሴን ‹ይጠርሰኛል›። ይህ ትክክለኛ ዐማርኛ ነው? ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ደግሞስ ለምንድን ነው የሚሆነው?
የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጅማ ቦሳ ኪቶ

መልስ፦ ትክክል ነሽ። ‹ጠረሰ› ጥሩ የዐማርኛ ግስ ነው፤ ለሚስቁት ጓደኞችሽ ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን አሳዪያቸው። «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፥ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ» ይላል። ጨርቋ ማለት ያልበሰለ፣ የሚቆመጥጥ ማለት ነው። ዐረብኛም ከዚያው ከ‹ድርስ› ሥር ‹ደሪሰ› ብሎ ይኸንኑ ስሜት ይጠራዋል። ስሙና ግሱ ሁለቱም በሁለቱ ቋንቋዎች መገኘታቸው፣ ቃሉ በቅርብ በንግድ የመጣ ሳይሆን ከጥንት የወረሱት መሆኑን ያጠነክራል። ጥርስን ‹ጥርስ›፣ መጥረሱንም ‹ጠረሰ› የሚል ቋንቋ እንዲህ ያለውን ቃል በከንቱ መጣል የለበትም፤ ከተሜው ‹ሴንሲቲቭ ሆነብኝ› ማለት ሲጀምር ‹ጠረሰኝ› እየተረሳ ነው፤ ያሳዝናል።

የመጥረሱ ምክንያት አሲድ ነው። የጥርስን ውጫዊ ልባስ የሠሩት ማዕድናት በአፍ ውስጥ ያለው የአሲድ መለኪያ (ፒኤች፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራሉ። የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 3 ድረስ ይወርዳል። ልባሱ ለጊዜው ሲለሰልስ፣ በተለይም ድድ ሸሽቶ ሥሩ በተጋለጠበት ቦታ፣ ቅዝቃዜውና ንክኪው ወደ ነርቩ ይደርሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ወዲያው ሮጦ ጥርሱን በመቦረሽ ነው። የለሰለሰውን ልባስ ብሩሽ ይፍቀዋል፤ መፋቂያም እንዲሁ። ትክክለኛው፣ አፍን በንጹሕ ውኃ መጉመጥመጥና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ምራቅ በዚህ ጊዜ አሲዱን ያበርዳል፤ የጠፋውንም ማዕድን ከፊሉን ይመልሳል። ሎሚ እየመጠጡ መዋል ግን ምራቅን ፋታ ያሳጣዋል። ሎሚ ሳይበሉም ጥርስሽን በየቀኑ የሚጠርስሽ ከሆነ፣ የተቦረቦረ ጥርስ ወይም የሸሸ ድድ ሊኖር ስለሚችል ይታይ።

ጥያቄ፦ ‹ሥነ ጽሑፍ› ውስጥ ያለው ‹ሥነ› እና የቡና ‹ሲኒ› ከ‹ስን› ጋር ይዛመዳሉ?
ቡና ነጋዴ፣ ከአጋሮ

መልስ፦ አይዛመዱም። ‹ሥነ› በንጉሡ ‹ሠ› ይጻፋል፤ ‹ሠነየ›፣ አማረ ከሚለው ነው፤ ውበት ማለት ነው። ጥርሱ ‹ስን› በእሳቱ ‹ሰ› ነው። ሁለቱን በአንድ ፊደል መጻፍ ከተለመደ ወዲህ ነው ጥያቄው የመጣው፤ የፊደሉ ልዩነት ሥራ የሚሠራባቸው እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ‹ሲኒ› ደግሞ ከዐረብኛው የመጣ ነው፤ ‹የቻይና› ማለት ሲሆን የሸክላውን ዕቃ አገር ይጠራል።

ጥያቄ፦ መንጋጋዬን አሞኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርዴ ላይ ‹36› ተጽፎ አየሁ። የሰው ጥርስ 32 አይደለም እንዴ? 36ኛው ጥርስ ከየት መጣ?
የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከጅማ መንደራ ቆጪ

መልስ፦ ቁጥሩ ‹ሠላሳ ስድስት› ተብሎ አይነበብም፤ ‹ሦስት፣ ስድስት› ነው። የጥርስ ሐኪሞች አፍን በአራት ሩብ ይከፍሉታል። 1 የላይኛው ቀኝ፣ 2 የላይኛው ግራ፣ 3 የታችኛው ግራ፣ 4 የታችኛው ቀኝ ነው፤ ቀኝና ግራውም የታካሚው እንጂ ፊት ለፊት የቆመው ሐኪም አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር ከመሐል ወደ ኋላ የሚቆጠር ተራ ነው። 1ና 2 የፊት ጥርሶች፣ 3 ክራንቻ፣ 4ና 5 ትንንሾቹ መንጋጋዎች፣ 6፣ 7 እና 8 ትልልቆቹ መንጋጋዎች ናቸው። ስለዚህ 36 ማለት በታችኛው ግራ ያለው የመጀመሪያው ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ነው። የልጆች የወተት ጥርስ ሲሆን ሩቦቹ ከ5 እስከ 8 ባለው ቁጥር ይጠራሉ፤ የወተት ጥርስ 20 ብቻ ስለሆነም ተራው ከ5 አያልፍም። የልጅዎ ካርድ ላይ 75 ቢያዩ፣ በታችኛው ግራ ያለው የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ነው። ጥርስዎ ከመነቀሉ በፊት ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር በመስታወት ከሚያምዎት ጥርስ ጋር ማስተያየት መብትዎ ነው፤ ጠቃሚም ነው።

አሁን ወደ ‹መንጋጋዬን አመመኝ›። ይህ አባባል ሁለት ነገር ነው። ሳምሶን ፍልስጥኤማውያንን የመታበት ‹የአህያ መንጋጋ› አጥንት ነው፤ የእርስዎ ግን ጥርስ ነበር። ለሐኪም ሲነግሩ ይለዩት። ሕመሙ ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ሲነካው የሚነሣ፣ ሲነክሱበት የሚብስ፣ ሌሊት የሚያነቃ ከሆነ ጥርስ ነው። አፍ ሲከፍቱ ከጆሮ ፊት የሚንቋቋ፣ ጠዋት የሚከብድ፣ እንደ ጫት ያለ ነገር ረጅም ሰዓት ካኘኩ በኋላ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የመንጋጋው መገጣጠሚያ ወይም ጡንቻው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሕመም ጥርስ በማስነቀል ማዳን አይቻልም። ደኅና ጥርስ ይሄዳል፤ ሕመሙ ይቀራል።

ስለ 6ኛው ጥርስ አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አንፈልግም። ይህ ጥርስ የሚበቅለው ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ የሚወጣውም ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ በባዶ ድድ ላይ ነው። ከመምጣቱ በፊት ምንም ጥርስ ስለማይነቀል ወላጅ ‹የወተት ነው፤ ይነቀላል› ብሎ ይተወዋል። አይነቀልም፤ የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው። የላዩ ስንጥቅ ጥልቅ ስለሆነ ምግብ ይይዛል፤ ሲቆይም ይቦረቦራል። በ6 ዓመት የበቀለ ጥርስ በ12 ዓመት ተበልቶ የሚነቀለው በአብዛኛው በዚህ የስም ስሕተት ነው። ልጅዎ 6 ዓመት ሲሞላው በጣትዎ የኋላውን ድድ ይዳስሱ፤ አዲስ ሰፊ ጥርስ ካገኙ በብሩሽ እዚያ ድረስ ይድረሱ፤ ልጁ ለብቻው አይደርስበትም።

ጥያቄ፦ የ7 ወር ልጄ ተቅማጥና ትኩሳት ይዞታል። ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ስላለ ጎረቤቶቼ ‹ግግ ነው፤ ካልወጣለት ይሞታል› አሉኝ። ግግ ምን ዓይነት ጥርስ ነው?
እናት፣ ከጅማ ጂረን

መልስ፦ እባክዎ አያስወጡት። ግግ የሚባል የተለየ ጥርስ የለም። ጎረቤቶችዎ ያሳዩዎት እብጠት ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ነው። የልጅ ጥርስ ሲበቅል አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የታችኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ይወጣሉ፤ ክራንቻው ግን ድዱን ቀድዶ የሚወጣው ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ወራት በድዱ ሥር ሆኖ ያብጣል፤ ነጣ ይላል፤ ሲነካም ለስለስ ይላል። ይህ የጤነኛ ልጅ ድድ ነው። ልጁ በዚህ ዕድሜ ዳዴ ሊል ይጀምራል፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፤ ተጨማሪ ምግብም ጀምሯል፤ ስለዚህ ተቅማጥ ይበዛበታል። እብጠቱና ተቅማጡ በአንድ ዕድሜ ስለሚገጣጠሙ አንዱ የሌላው ምክንያት ይመስላል።

ድዱ ሲሰነጠቅ የሚወጣውን ለስላሳና ነጭ ነገር ‹ትሉ ይኸውና› ብለው ያሳያሉ። ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የጥርስ ቡቃያ ነው። ማውጫው የጋለ ሽቦ፣ ምስማር ወይም ምላጭ ነው። ከዚህ በኋላ የሚከተለው ደም መፍሰስ፣ ቁስሉ መመረዝ፣ ቴታነስ፣ በአንድ መሣሪያ ብዙ ልጆች ከተነኩም በደም የሚተላለፍ በሽታ ነው። ልጁ ቢተርፍ እንኳ ጉዳቱ ይቆያል። በወተቱ ክራንቻ አጠገብ የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ ስላለ እሱም ይነካል፤ ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ መውጣት የነበረበት ክራንቻ ተጣሞ፣ ተሸርፎ ወይም ጨርሶ ሳይወጣ ይቀራል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚመጣ ልጅ ክራንቻዎቹ ብቻ ተለይተው ጠፍተው ሲታይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጎረቤቶችዎ ክፉ አስበው አይደለም፤ የሚፈሩት ነገር እውነተኛ ነው። ተቅማጥ ልጅ ይገድላል። የሚገድለው ግን በውኃ እጥረት ነው፤ ሊታከም የሚገባውም እሱ ነው። ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ፤ እንዲያውም ደጋግመው ያጥቡ። አንዱን ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡ፤ ውኃውን ቢያሳንሱት ጨው ይበዛበታል፤ ቢያበዙትም ኃይሉ ይደክማል። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ ኩባያ ያህል፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት። ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቀው ይቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ጤና ጣቢያው የዚንክ እንክብልም ይሰጥዎታል፤ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩን ይጨርሱት።

ልጅዎ ትኩሳት ስላለው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ጥርስ ማብቀል ከባድ ትኩሳት አያመጣም፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። መጥባት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሆዱ ላይ ቆንጥጠው ሲለቁት ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ካንቀጠቀጠው አንድ ሰዓትም አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የእርሻ በሬ ልገዛ ነው። ሻጩ ‹ጥርሱን ገና መንቀሉ ነው› አለኝ። በጥርስ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?
ገበሬ፣ ከሰርቦ

መልስ፦ በሬ የፊት ጥርስ ያለው በታች ብቻ ነው፤ 8 ናቸው። ከላይ ያለው ጠንካራ ድድ ነው። ‹የላይ ጥርሱ ረግፏል› ብሎ ዋጋ የሚያስቀንስ ገዥም፣ የሚደነግጥ ሻጭም አለ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። (ሲደመር የበሬም ቋሚ ጥርስ እንደ ሰው 32፣ የጥጃም የወተት ጥርስ እንደ ሕፃን 20 መሆኑ የሚደንቅ ነገር ነው።)

ከጎን ቆመው በአንድ እጅዎ አፍንጫውን ይያዙ፤ በሌላው የታችኛውን ከንፈር ዝቅ ያድርጉ። አፉን ማስከፈት አያስፈልግም። የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ጠባብና ነጭ ነው፤ ቋሚው ሰፊና ወደ ቢጫነት የሚያደላ ነው። ጥርሱ የሚለወጠው ከመሐል ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ነው። መሐሉ ያሉት ሁለቱ ሲለወጡ ወደ 2 ዓመት፣ አራት ሲሆኑ ወደ 3፣ ስድስት ሲሆኑ ወደ 3 ዓመት ተኩል፣ ስምንቱም ሲሞሉ ከ4 ዓመት በላይ ነው። የአገራችን ሻኛማ ከብት ከዚህ ወራት ያህል ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ‹ገና መንቀሉ ነው› የተባለው ወይፈን መሐሉ ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥርስ ብቻ ከታየበት ለቀንበር ማስለመጃው ደርሷል፤ ለከባድ እርሻ ግን ጥቂት ይጠብቃል።

ስምንቱም ከሞሉ በኋላ የሚታየው የጥርሱ መበላት ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከዚያ ያጥራል፤ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይታያል፤ በመጨረሻ ጉቶ ይቀራል። እዚህ ላይ መገመት እንጂ መቁጠር አይቻልም። አሸዋማ ሣር የበላ በሬ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ጉቶ ጥርስ ያለውን በሬ ግን በዕድሜው ምክንያት ባይሆን እንኳ አይግዙት፤ ሣር መቁረጥ ስለሚያቅተው በበጋ ይከሳል።

ጥያቄ፦ ‹በዚህ ሙያ ጥርሱን የነቀለ› እና ‹ጥርስ ውስጥ ገባ› የሚሉት ምን ማለት ናቸው?
ባለሱቅ፣ ከጅማ ሰጦ ሰመሮ

መልስ፦ የመጀመሪያው በአንድ ሙያ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገና የበሰለ ሰውን ያመሰግናል፤ የወተት ጥርሱን እዚያ ሆኖ የለወጠ ያህል ነው። የተነቀለው የራሱ ጥርስ ስለሆነ ለጥርስ ሐኪምም ሲነገር በዚያው ትርጉም ነው። ሁለተኛው አንድ ባለሥልጣን ወይም ባላንጣ ቂም የያዘበት፣ ቀን የሚጠብቅለት ሰው ሁኔታ ነው፤ «የአለቃው ጥርስ ውስጥ ገብቷል» ይባላል። በዚሁ እግረ መንገድ፣ ‹ጥርሱን ነክሶ› ሕመሙን ወይም ችግሩን ችሎ ማለት ነው፤ ‹ጥርስ ባዳ ነው› ደግሞ ልብ ቢከፋም ጥርስ ለሁሉ ይስቃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የሠፈር ልጆች እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። አንድ ልጅ በክርን ተመትቶ ‹ጥርሴ ወለቀ› ሲል ሌላው ‹ተነቀለ›፣ ሦስተኛው ‹ተሰበረ› ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ምንስ ማድረግ አለብኝ?
አሠልጣኝ፣ ከጅማ በቾ ቦሬ

መልስ፦ ልዩነቱን ይዘው ይቆዩ፤ የሚወሰደው እርምጃ በእሱ ይለያያል። ‹ነቀለ› ሲባል ልጁ በዕድሜው የወተት ጥርሱን ለወጠ ማለት ነው። ‹ተነቀለ› ወይም ‹አስነቀለ› በሐኪም እጅ ነው። ‹ወለቀ› ከነሥሩ በአደጋ ወጣ፤ ‹ተሰበረ› አካሉ ተቆረጠ፣ ሥሩ ድድ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ‹ተነቃነቀ› ከሆነ ደግሞ ቦታውን አልለቀቀም።

የወለቀው ቋሚ ጥርስ ሊተከል ይችላል፤ የሚወስነው ጊዜ ነው። ጥርሱን ሲያነሡ በነጩ በኩል ይያዙት፤ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉ፣ በጨርቅም አይጥረጉ። ሥሩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው መልሶ የሚያጣብቀው፤ ከደረቀ ወይም ከተፋቀ ይሞታል። አፈር ከነካው በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለ10 ሰከንድ ያህል ብቻ ያለቅልቁት። ልጁ የሚችል ከሆነ በፊቱ አቅጣጫ ወደ ቦታው መልሰው ንጹሕ ጨርቅ ያስነክሱት። ካልቻለ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ያስገቡት፤ ውኃ ውስጥ ማቆየት ሥሩን ይጎዳዋል፤ በወረቀት ጠቅልሎ ኪስ መክተትም ያደርቀዋል። ወተት ከሌለ በልጁ በራሱ ምራቅ ይቆይ። ከዚያ በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ በ1 ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ያድርሱት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ስለሚያሠለጥን በከተማው ውስጥ ሐኪም ማግኘት ይቻላል፤ የት እንደሚሄዱ ከጨዋታው በፊት ይወቁ። የቴታነስ ክትባቱ መቼ እንደተሰጠው ወላጆቹን ይጠይቁ።

የተሰበረ ከሆነ ስባሪውን ፈልገው በወተት ይዘው ይሂዱ፤ አንዳንዴ መልሶ ይለጠፋል። ስባሪው ካልተገኘና ልጁ የሚያስለው ከሆነ ወደ ሳንባው ገብቶ እንደሆነ መታየት አለበት። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሰው አይትከሉት፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ሁለቱ ዓይነት ጥርስ አንድ አፍ ውስጥ ስለሚኖሩ ይለዩት። የወተቱ ትንሽና ነጭ ነው፤ ቋሚው የፊት ጥርስ ሰፊ ነው፤ አዲስ የበቀለ ከሆነም ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ሦስት ትንንሽ ጉብታ አለው።